የዱር እንስሳት የማይበሏቸውን የአበባ ተክሎች መምረጥ፦ የዲንሾ አካባቢ እንደ ማሳያ

መግቢያ
የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በሚገኝበት በዲንሾ አካባቢ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ለመኖሪያ ግቢዎች ቀርበው ይታያሉ። የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝና ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ነው። ስለዚህ አበባን ለማዳን ወጥመድ መዘርጋትም ሆነ መርዝ መጠቀም ተገቢ አይደለም፤ ከአጥር ቀጥሎ ያለው አማራጭ የተክል ምርጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርጫው ከሌላ አገር በተወሰደ ዝርዝር ላይ ሳይሆን በአካባቢው እንስሳ አመጋገብ ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ያሳያል።

የዝርዝሮች ውሱንነት
«አጋዘን አይበላቸውም» የሚባሉ ተክሎች ዝርዝር በብዛት የተዘጋጀው በሰሜን አሜሪካ ነው። ይሁንና ስሙ ሊያሳስት ይችላል። በአማርኛ ሁለቱም «አጋዘን» ቢባሉም፣ የሰሜን አሜሪካው በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል የሌላ ቤተሰብ እንስሳ ሲሆን፣ የደጋ አጋዘን ግን ለድኩላ የቀረበ ዘመድ ነው። በእነዚያ ዝርዝሮች የጭቁኝ ወገን የሆኑ ተክሎች በሽታቸው ምክንያት፣ ችቦ የሚመስል አበባ ያለው ክኒፎፊያም እንዲሁ «የማይበሉ» ተብለው ይመደባሉ። በባሌ ግን የደጋ አጋዘን ጭቁኝንም፣ የአገሩን ክኒፎፊያም፣ ቢጫ አበባ ያለውን አምጃንም ይመገባል።

ካላ ሊሊም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በውስጡ ያሉት መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አፍን ያቃጥላሉ፤ ሆኖም በትውልድ ቦታው በደቡባዊ አፍሪካ ጃርት ሥራ ሥሩን ቆፍሮ ይበላል። እንግዲህ መከላከያ ሁሉ አንጻራዊ ነው፤ አንዱን እንስሳ የሚያርቅ ሌላውን ላያርቅ ይችላል።

የምርጫ ቅደም ተከተል
በመጀመሪያ ጉዳት አድራሹን መለየት ያስፈልጋል። አጋዘንና ድኩላ የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላቸው የተበላው ጫፍ የተዘለዘለ ይሆናል። ጃርትና ከርከሮ አፈሩን ይቆፍራሉ፤ ፍልፈል ደግሞ ሥሩን ከታች በልቶ የአፈር ቁልል ይተዋል። ቅጠሉ የሚመር ተክል ከላይ ለሚቀነጥስ እንስሳ መፍትሔ ቢሆንም፣ ሥር ለሚበላው ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ ከአካባቢው ተክሎች የተለያየ መከላከያ ያላቸውን መምረጥ ይገባል። እሾሃማው ኮሸሽላ፣ መራራው እሬትና የአበባ ማር የሚጠጡ ወፎችን የሚስበው ራስ ክምር ለሙከራ ሊቀርቡ ይችላሉ።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ችግኝ ብቻ ተክሎ በጋውን ማሳለፍ ይበጃል። በበጋ የዱር መኖ ሲደርቅ ውኃ የሚጠጣ ለጋ ችግኝ ይበልጥ ይስባል፤ በክረምት ያልተነካ ተክል በጋ ላይ ሊበላ ይችላል።

ማጠቃለያ
የተክል መርዛማነት እንደ መልካም መመዘኛ ሊወሰድ አይገባም። ልብን የሚጎዳ መርዝ ያለው ኦሊያንደር ሕፃናትና ከብቶች በሚደርሱበት ግቢ ሊተከል አይገባም። እሾህና ጠንካራ ሽታ እንስሳውን ሳይጎዱ ስለሚያርቁ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። የምርጫው ዓላማ አበባውንም እንስሳውንም ማቆየት ነውና።