የጣና ሐይቅ ጥናትና ጥበቃ በወረርሽኝ ዘመን

ውኃ የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ዳሩ ግን አንድን ነገር ማወቅና ያንኑ ነገር መጠበቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ «እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጠቡ» የሚለው ምክር በሬዲዮ፥ በአደባባይና በየቤቱ ይነገር ነበር። በዚያው ወራት ግን ትልቁ ሐይቃችን ጣና እንቦጭ በሚባለው አረም ተይዞ ነበር። ስለዚህ የሰውን በሽታና የሐይቁን ችግር አያይዤ፥ ከሁለቱ የምናገኘውን ትምህርት ለአንባብያን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጥቂት እንመልከት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እጅግም አይደለም፤ ከሁሉ የሚጠልቀው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ወደ እርሱ ሲገቡ፥ ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ከእርሱ ይወጣል። በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ ከሚባሉት ዓሦች መካከል በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ስለዚህም ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ሐይቁንና አካባቢውን ከዓለም ባዮስፌር ሪዘርቮች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

እንቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚያምር ሲሆን ሥራው ግን ከአበባው ጋር አይስማማም። በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ፀሐይን ይጋርዳል፤ ሲበሰብስም ዓሦች የሚተነፍሱትን ኦክሲጅን ያሳንሳል፤ የዓሣ አጥማጁን ታንኳና መረብ ያግዳል፤ የብልሃርዚያን በሽታ ለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መጠለያ ይሆናል። በአገራችን አስቀድሞ በቆቃና በአዋሽ ታይቶ ነበር፤ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ መቆየት ስለሚችል አንድ ጊዜ ተነቅሎ ያለቀ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። እንቦጭ በሚመቸው ስፍራ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ካሬ ሜትር እንቦጭ ምንም ሳይከለክለው ቢያድግ፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ 2፥ ከአራት ሳምንት በኋላ 4፥ ከስድስት ሳምንት በኋላ 8 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ26 ሳምንት ማለት በስድስት ወር 8,192 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ዓመት ሲሞላው 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እርግጥ ነው፥ ነፋስ፥ ማዕበልና የሰው እጅ ስለሚቀንሱት እውነተኛው ዕድገት እንዲህ ሙሉ አይሆንም፤ ሆኖም የእጥፍ ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ተላላፊ በሽታም በመጀመሪያው ጊዜ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሕመምተኛ ለሁለት ሰው ቢያስተላልፍ፥ ሁለቱ ለአራት፥ አራቱ ለስምንት ያስተላልፋሉ። ጥቂት ነው ተብሎ የተናቀው ነገር ሳይታሰብ ብዙ ሆኖ ይገኛል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚህ ጊዜ ጭንቅ ነገር ተፈጠረ። እንቦጭን ለመንቀል ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች በብዛት ተሰብስበው፥ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይሠሩ ነበር፤ ወረርሽኙ ደግሞ ሰው ከሰው እንዲራራቅ ያስገድዳል። ሰውን ለማዳን ሥራው ቢቆም አረሙ አይቆምም፤ አረሙን ለማጥፋት ሰው ቢሰበሰብ በሽታው ይስፋፋል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሳያልፍ የአንድ ወር የነቀላ ዘመቻ የተጀመረው ነገሩ እስኪመች ድረስ የሚጠብቅ ስላልነበረ ነው።

የጥናት ጥቅም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይታወቃል። ሰንቲኔል የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ከሰማይ ሥዕል ስለሚያነሡ፥ ተመራማሪዎች አንድ ሰው እንኳ ሳይሰበስቡ አረሙ የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ሰፋ ለመለካት ይችላሉ። አረሙ ያለበት ቦታ በትክክል ከታወቀ፥ ጥቂት ሠራተኞች ተራርቀው ጠቃሚ ሥራ ይሠራሉ። ሆኖም ሳተላይት የውኃውን ውስጥና የወንዙን ጭቃ ሁሉ መርምሮ አይጨርስም፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል እንደሚደረገው በስፍራው ተገኝቶ መመርመርም የግድ ነው።

ከዚህ ሌላ መንቀል ብቻውን እንደማይበቃ መገንዘብ ይገባናል። የእንቦጭ ምግብ በጎርፍ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተማም የሚወርደው ቆሻሻ ነው። በእርሻው ላይ እርከን የሠራ ገበሬ፥ የቤቱን ቆሻሻ ወደ ወንዝ የማይጥል የከተማ ሰው ሐይቁን ከሩቅ ሆኖ ጠበቀው ማለት ነው።

እኛ ተማሪዎችስ ምን እንሥራ? በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴኪ የተባለ ኢጣልያዊ ቄስና ሳይንቲስት የውኃን ጥራት የሚለካበት ቀላል መሣሪያ አስተዋወቀ። ይኸውም በገመድ የታሰረ ክብ ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ወደ ውኃ ወርዶ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይለካል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ፥ ነጭና ጥቁር ቀለም፥ ምልክት የተደረገበት ገመድ ካለን በትምህርት ቤታችን ልንሠራው እንችላለን። በየወሩ በአንድ ቦታ ከመምህራን ጋር ብንለካና ቁጥሩን በመዝገብ ብንጽፍ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች የሚጠቅም ዕውቀት እናቆያለን። በቤትም ከቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀምጠን፥ እጃችንን በሳሙና ስናሽ ቧንቧውን ዘግተንና ሳንዘጋ የሚወርደውን ውኃ እናመዛዝን። ጀርሙን የሚሸፍነውን ስብ የሚያፈርሰው ሳሙናው ስለሆነ፥ እያሸን ሳለ የሚፈሰው ውኃ በከንቱ የሚባክን ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ይሁን እንጂ ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። በዚያን ጊዜ ሰው እጁን የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ እንዲኖረው፥ ሐይቁንና ወንዙን መጠበቅ የሚገባው ዛሬ በደኅናው ቀን ነው። ይህም ሥራ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ሳይሆን የገበሬውም፥ የወላጁም፥ የመምህሩም፥ የተማሪውም ግዴታ ነው።