ሁለታችሁም የማታውቁት መንገድ

አዲስ አበባ ላይ ትዳር የመሠረቱ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ አላቸው ይባላል እንጂ ቅዳሜና እሑዱ የእነሱ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ መድረስ አለ፤ ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባ ሠርግ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እድር፣ ከዚያ የታመመች አክስት ጥየቃ፣ በመሐሉ የሳምንቱ አስቤዛ። ከዚህ ሁሉ የተረፈች ግማሽ ቀን ብትገኝ ባልና ሚስት ድካማቸውን ይዘው ወደሚያውቁት ቦታ ይሄዳሉ፦ ቢሾፍቱ፣ ያው ሆቴል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጥብስ። ምግቡ እስኪመጣ እሱም ስልኩን፣ እሷም ስልኳን።

ቢሾፍቱ ምንም አላጠፋችም። ሆራም ባቦጋያም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ዳራቸውን በእግሩ ለሚዞር ሰው ከበቂ በላይ የሚታይ ነገር አላቸው። አብዛኞቻችን ግን ዞረን አናውቅም። የምንሄደው ለመቀመጥ ነው፤ መቀመጥ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥም ይቻላል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አጭር ነው። ጥንዶችን የሚያቀራርባቸው ሁለቱም ያልለመዱትን ነገር አብረው የሚሠሩበት ጉዞ ነው፤ ርቀቱና ወጪው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጥንዶችን ጠርተው ለ7 ደቂቃ ያህል አንድ ሥራ ሰጧቸው። ከፊሎቹ በአንድ ወገን የእጅ አንጓቸውና ቁርጭምጭሚታቸው እርስ በርስ ታስሮ፣ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበት እየዳኹ፣ መሐል ላይ የተደረገውን መሰናክል እየተሻገሩ፣ በእጃቸው ሳይነኩ ትራስ በሰውነታቸው መካከል አጣብቀው እንዲያደርሱ ተደረገ። ሌሎቹ የተሰጣቸው ሥራ ቀላልና አሰልቺ ነበር፤ ኳስ በዝግታ ማንከባለል። በኋላ ስለ ግንኙነታቸው ሲጠየቁ፣ ተሳስረው የዳኹት ለትዳራቸው ያላቸው ስሜት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሰባት ደቂቃ ትዳርን አይለውጥም፤ ጥናቱም እንዲህ አላለም። ያሳየው አዲስና ትንሽ የሚያስቸግር ነገር አብሮ መሥራት፣ አብሮ ጊዜ ከማሳለፍ ብቻ የተለየ ውጤት እንዳለው ነው።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ቤተሰብ ለሽርሽር ሲወጣ ሥራው የሚከፋፈለው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። እሱ ይነዳል፣ መንገዱን ያውቃል፣ የት እንደሚቆም ይወስናል። እሷ ከዋዜማው ጀምራ ዶሮውን ትሠራለች፣ እንጀራውን ትጠቀልላለች፣ ፔርሙሱን ትሞላለች፣ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ታቀርባለች፣ ዕቃውን ሰብስባ ትመለሳለች። ወጥ ቤቷን ጫካ ውስጥ ተከለችው እንጂ አልተዝናናችም። እሱም ሹፌር ሆኖ ውሎ ሹፌር ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ምሳ ተሸክማችሁ አትውጡ። ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ካገኛችሁም ጭኮ ያዙ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ሳይበላሽ ይቆያል፣ ዳገት ላይም ጉልበት ይሆናል። ምሳውን የሄዳችሁበት አገር ያብላችሁ። መንገድ አዋቂ የተባለውም ሰው ለዚያ ቀን ዝም ይበል። ጠያቂው፣ ዋጋ ተነጋጋሪው፣ «እዚህ እንውረድ» ባዩ ሌላኛው ይሁን።

የት እንሂድ ለሚለኝ የማስቀድመው የቡታጅራን መንገድ ነው። ዓለም ገና ላይ ታጥፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው ይህ አስፋልት እስከ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መጀመሪያ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይመጣል፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የተገኘበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበ ስፍራ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ከዚያ ጢያ፣ ከዚያ ቡታጅራ። ሁሉንም በአንድ ቀን አያለሁ የሚል ሰው ማየቱን ያያል፤ ሲመለስ የሚያስታውሰው ግን የመኪናውን በር ነው። አንዱን ምረጡ። እኔ ብሆን ጢያን።

ጢያ ሶዶ ውስጥ ያለ የትክል ድንጋዮች ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 36 ድንጋዮች ተቆጥረዋል፤ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ቁፋሮው ከሥራቸው መቃብር እንዳለ አሳይቷል። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ ይዟል። ሰይፉ ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው የሚል ትሰሙ ይሆናል፤ ምልክቶቹ ግን እስከ ዛሬ በርግጠኝነት አልተፈቱም። ለጥንዶች ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ መሐንዲሱ ባልም መምህሯ ሚስትም እኩል ናቸው። እያንዳንዳችሁ አንድ ድንጋይ ምረጡና ለማን እንደተተከለ ለሌላው ተናገሩ፤ ሴት ትሁን ወንድ፣ ሰይፉ ገድል ይሁን ማዕረግ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን። ለዓመታት አብረው ኖረው፣ የትዳር ጓደኛቸው ስለ ሞት ወይም ከራሱ በኋላ ምን እንዲቀር እንደሚፈልግ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ቢነሳ «ምነው ክፉ አታውራ» ተብሎ ይዘጋል፤ ጢያ ላይ ግን ወሬው ራሱ ይመጣል።

ቡታጅራ ስትደርሱ ምሳው የታወቀ ነው። ክትፎ አዲስ አበባም ሞልቷል፤ እዚህ ድረስ የሚያስመጣችሁ ከሥጋው ይልቅ ቆጮው ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶች ይፍቁትና በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። የቆየው ጠረኑ ይከብዳል፤ የከተማውን ቀጭን ቆጮ የለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ ሊያፈገፍግ ይችላል። ታዲያ ጠይቁ። ስንት ጊዜ የቆየ ነው? ቡላ አላችሁ ወይ? ቅቤው በምን በምን ተነጠረ? አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ያሉትን እናት እንዲጠራላችሁ ለምኑት፤ እሳቸው ቆመው የሚነግሯችሁ ከሥጋው ይጣፍጣል። አንድ ክትፎ ለሁለት ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለቡላ አውሉት።

የምትጾሙ ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያ እዩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም 43፣ ፍልሰታ 15፤ ቅዳሜና እሑዳቸውም ቅቤና ሥጋ አይበላባቸውም። በጾም የተነሳ ሰው ጉዞውን ከሚሰርዝ አቅጣጫውን ቢቀይር ይሻላል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ መኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት ጨርሱት።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ለብለብ አድርጉልኝ» ያለ ሰው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። ለብለብ ሥጋውን ያሞቀዋል እንጂ ውስጡ ያለውን የኮሶ ትል እጭ ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አይሰጠውም። እርግጠኛ መሆን የፈለገ በደንብ የበሰለ ይዘዝ። ጥሬውን የመረጠም ምልክት ካየ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ እንደ አያቶቻችን ኮሶ መጠጣት አይጠበቅበትም። ኮሶ ከመራራነቱ በላይ ልኩን ካለፈ ዓይን እስከ ማጥፋት ይጎዳል።

ዛፉን ግን ሄዳችሁ እዩት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ኮሶ ከጽድና ከዝግባ ጋር ይገኛል፤ እንስቷ ስታብብ ቀላ ያለ ዘለላ ታንጠለጥላለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላም። ደኑ ውስጥ ምሳ አይጠብቃችሁም፤ ዳቦ ቆሎው ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው። ተኳርፋችሁ የሰነበታችሁ ከሆነ ከጢያ በፊት ከዚህ ጀምሩ። ጎን ለጎን የሚራመዱ ሰዎች ፊት ለፊት ከተቀመጡት ይልቅ ከባድ ነገር መናገር የሚቀላቸው ይመስለኛል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝምታውንም ጫካው ይሸፍነዋል።

ቆላ ለሚወዱ ባቱ አለ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል። ዓሣው ሲጸዳ አባ ኮዳዎች ትርፉን ለመልቀም ከሰዎቹ እግር ሥር አይጠፉም። ቆሮሶንና አምባዛን መለየት እዚያው ልመዱ፤ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ ጢማምና ልሙጥ ነው። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ነው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ገበያ ላይ የሚያታልለው የለም። ሐይቁ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። መዋኘት ካማራችሁ ወደ ደቡብ ቀጥላችሁ ላንጋኖ ነው።

የትም ብትሄዱ ጠዋት 12 ሰዓት ከከተማ ውጡ፤ 9 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። ማምሻ ላይ መንገዱን ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ባጃጅ ይሞላዋል። መኪና የሌላችሁም አትቅሩ፤ የቡታጅራ ሚኒባስ ጢያ ላይ ያወርዳችኋል፣ እንዲያውም ሹፌር የሆነው ሰው ለአንድ ቀን እጁ ያርፋል። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የመንገዱን ሰላም በዋዜማው በዚያ መስመር ከሚሠራ ሹፌር ወይም እዚያ ከሚኖር ዘመድ ጠይቁ፤ «ዛሬ አትምጡ» ካላችሁ አትከራከሩ።

ወንጪን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው። በአምቦም በወሊሶም በኩል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሲሆን፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ማረፊያ ተሠርቶበታል። የተራራው አናት ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ አዲስ አበባን የለመደ ሳንባም እዚህ ያቃስታል፣ ብርዱም ጃኬት ይፈልጋል። ሐይቁ ከታች ነው፤ በጀልባ ተሻግራችሁ ደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳም መሳለም ትችላላችሁ፣ ሸለቆው ውስጥ ፍል ውኃም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አያስኬድም፤ የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላል። መውረዱ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ሰው «በእግሬ እወጣዋለሁ» ይላል። ፈረስ የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋውን ገና ከላይ ሳላችሁ ተስማሙ፤ ታች ከደረሳችሁ በኋላ ጉልበታችሁ ማለቁን ፈረሰኛውም ያየዋል።