«በረሃ ልውረድ» ለሚል ወጣት ምን እንመልስለት?



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሳንጃ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ከኋላው ትቶ ወደ ሙቀት ምድር ይገባል። ከሳንጃ ወዲያ በምዕራብ በኩል እስከ መተማና እስከ ሱዳን ጠረፍ የተዘረጋው ዋልካ ምድር ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅልበታል፤ በአረምና በአጨዳ ወራትም የደጋው ወጣት ለቀን ሥራ በብዛት ይወርድበታል። ይህ ቆላ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ዓይነት ሰው ሲቀበል ኖሯል፤ እንጀራ ፈላጊውን፣ ሽፍታውንና መናኙን። በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ካሣ ኃይሉ በወጣትነቱ የሸፈተው በቋራ ቆላ ነበር። ስሙ የታወቀው የዋልድባ ገዳምም ከሳንጃ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ቆላ ይገኛል። ስለ ሦስቱም ሰው «በረሃ ወረደ» ይላል፤ የወረዱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በየቁምስናው የምናገለግል ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አልፎ አልፎ አንድ ወጣት ቀርቦ፣ «ዓለም ሰልችቶኛል፤ ሰው በሌለበት ብቻዬን ከእግዚአብሔር ጋር መኖር እፈልጋለሁ» ሲለን እንሰማለን። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንዳንዱ «ይልቅ አግብተህ ውለድ» ብሎ ያባርረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ቅድስና ያየ መስሎት ቶሎ መርቆ ይሸኘዋል። በእኔ አስተያየት የኋለኛው ከፊተኛው ይከፋል፤ የተባረረው ወጣት ሌላ ካህን ይፈልግ ይሆናል፣ ተመርቆ የተሸኘው ግን ከወር በኋላ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅለት የለም።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «መነነ» በግእዝ ናቀ፣ ተወ ማለት ነው። እንግዲያው ወጣቱን የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የናቅኸው ምንድን ነው?» የሚል ይሁን። ሀብትን፣ ከንቱ ክብርንና የራሱን ፈቃድ ንቆ ከሆነ የአባቶችን መንገድ ይዟል። ከአባቱ ጋር በመሬት ተጣልቶ፣ በፈተና ወድቆ አፍሮ፣ ወይም የወደዳት ልጅ ለሌላ ተድራበት ሆድ ብሶት ከሆነ ግን ይህ ኩርፊያ እንጂ ምናኔ አይደለም። ሐዘኑን አንንቅበት፤ ስሙን ግን ለይተን እንንገረው።

«ገዳም» የሚለውም ቃል በጥንቱ ግእዝ ያልታረሰ ሜዳ፣ ዱር ማለት ነበር፤ የመነኮሳት መኖሪያ ስም የሆነው በኋላ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በመተማ በረሃ የሚገኘው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ታላቅ ገዳም ስም ነው፤ ማኅበረ ሥላሴ ይባላል። ሰው ከሰው ሸሽቶ በሚወርድበት ምድር ላይ የቆመው ቤት «ማኅበር» ተብሎ ተጠራ፤ ያውም የሥላሴ ማኅበር። የምናመልከው አምላክ በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ነው፤ አብ ያለ ወልድና ያለ መንፈስ ቅዱስ የኖረበት ጊዜ የለም። እንግዲህ «ከእግዚአብሔር ጋር ብቻዬን» የሚል ሰው ራሱ ፍቅርና አንድነት ወደ ሆነው አምላክ እንደሚሄድ ይወቅ፤ ወንድሙን ከልቡ አውጥቶ ወደዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም።

የዋልድባው አባ ሳሙኤል በሥዕል የሚታወቁት አንበሳ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ልጆችም የሚያስታውሱት አንበሳውን ብቻ ነው። ከአንበሳው በፊት ግን ደብረ በንኰል አለ። አባ ሳሙኤል በዚያ ገዳም ከመምህራቸው ከአባ መድኃኒነ እግዚእ እግር ሥር ሆነው መታዘዝን ተማሩ፤ የበረሃው ኑሮ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም የዋልድባ መነኮሳት እህል አይበሉም፤ ምግባቸው ቋርፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ጀማሪ በራሱ ስሜት አያወጣውም፤ ከአባቶች እጅ ይቀበለዋል እንጂ።

የመነኮሳት አባት የሚባለው ቅዱስ እንጦንስም እንዲሁ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል እንደምናነበው፣ እንጦንስ ወላጆቹ በሞቱ ጊዜ ዕድሜው ከ18 እስከ 20 ዓመት ነበር። ጌታ ለባለጠጋው ወጣት የተናገረውን ቃል (ማቴ. 19፡21) በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶ ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ያን ዕለት ግን ዘሎ በረሃ አልገባም። ታናሽ እኅቱን ለታመኑ ደናግል በአደራ ሰጠ፤ እርሱም ከመንደሩ ሳይርቅ፣ በአጠገቡ ከወጣትነቱ ጀምሮ በብሕትውና ይኖር የነበረውን ሽማግሌ አርአያ አድርጎ፣ በእጁ እየሠራ ተቀመጠ። ወደ ሩቁ በረሃ ሲገባ ዕድሜው ወደ 35 ዓመት ደርሶ ነበር። እዚያም 20 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ311 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ሲሰደዱ ወደ ከተማ ተመልሶ እስረኞቹን አጽናና። እኅቱን በአደራ ሳይሰጥ ቢሄድ ኖሮ ምን እንለው ነበር? የታመመች እናት ወይም ያልደረሱ ታናናሾች ያሉትን ወጣት ይህን ታሪክ ሳንነግረው አንሸኘው።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሕግ በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ባሕታዊ የሚለው የገዳም አባል የሆነውን ሰው ነው። ወደ ብሕትውና ለመግባት የገዳሙን አለቃ ፈቃድ ማግኘት፣ የዘላለም መሐላ ከፈጸመም በኋላ ቢያንስ 6 ዓመት በገዳሙ መኖር አለበት (ቀኖና 481–482)። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «እንዴት ብቸኝነት ፈቃድ ይጠይቃል?» ይላሉ። ብቻውን ያለ ሰው ሲሳሳት የሚነግረው ስለሌለ ነው።

ሲታመምም እንዲሁ። በዚህ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ እንዳለ የሳንጃና የመተማ ሰው ያውቃል። የአሸዋ ዝንብ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት፣ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር በሌሊት የሚያድረውን ሰው ነድፋ ታስተላልፈዋለች። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከመም ይገድላል። ጓደኛ ያለውን የቀን ሠራተኛ ጓደኛው ደግፎ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። ብቻውን ያለ ጀማሪ ግን ክሳቱን የጾም ፍሬ ነው ብሎ ሊታለል ይችላል። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም፤ ነፍስን ለመጠበቅ የተሾመ ካህን ሥጋንም መጠበቅ ስላለበት ነው።

ታዲያ ወጣቱን በምን እንቀበለው? ነቢዩ ኤልያስ ወደ በረሃ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ (1ነገ. 19) እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ ትምህርትም አልሰጠውም። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንዲበላ ነገረው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ ሁለተኛም ተመገበ። በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣለት ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጁን አስቀምጡት፤ ካልበላ አብሉት፤ እስከ መጨረሻው አድምጡት። ከዚያ ወደ ካህኑ አምጡት። ካህኑም የንስሐ አባት ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ይከተለው፤ በዚያም ጊዜ በቤቱ ሥራ፣ ከወላጆቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ባለው ሰላም ይመዝነው። ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ዓመቱ አያጠፋውም። ያን ጊዜ በአገራችን ወዳሉት ገዳማት፣ ለምሳሌ ወደ ሲታውያን መነኮሳት፣ ሄዶ ኑሯቸውን እንዲያይ መንገዱን እናሳየው።

የሲታውያን ሕግ አባት ቅዱስ ቤኔዲክቶስም ወጣት ሳለ የሮምን ትምህርት ቤት ትቶ በሱብያኮ ዋሻ ሦስት ዓመት ብቻውን ኖሯል። በኋላ በጻፈው ሕግ ባሕታውያን በጀማሪ ግለት ሳይሆን በማኅበር ለረጅም ጊዜ ከተፈተኑ በኋላ የሚወጡ መሆናቸውን ያስተማረው ራሱ ቀምሶት ሳይሆን አይቀርም። እርሱም ቢሆን ፈጽሞ ብቻውን አልነበረም፤ ሮማኖስ የሚባል መነኩሴ ከራሱ ድርሻ ቀንሶ እንጀራ በገመድ ያወርድለት ነበር። ታላቁ ጎርጎርዮስ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ራቅ ያለ አገር የሚኖር ካህን ለራሱ የበዓል ምግብ አዘጋጅቶ ሳለ፣ የተራበ አገልጋዩ በዋሻ እንዳለ ጌታ ገለጠለት። ካህኑ ምግቡን ይዞ በተራራውና በገደሉ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው። ወጣቱ ከሰው ርቆ ስለ ኖረ ዕለቱ ፋሲካ መሆኑን አያውቅም ነበር። ካህኑም ጌታ የተነሣበት ቀን ስለ ሆነ መጾም እንደማይገባው ነገረው፤ አብረውም እግዚአብሔርን ባርከው ተቀምጠው በሉ።