የግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችን በፊት፦ የፓወር ሰፕላይ ሒሳብ

ብዙ ተማሪዎች ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተው የምህንድስና ንድፍ፣ የቪዲዮ ቅንብር ወይም ጨዋታ ሊሠሩበት ሲፈልጉ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱ ከተገጠመ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል ድንገት ሊጠፋ፣ ወይም ጨርሶ አልነሳ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ ካርዱ ተበላሽቷል ከማለታችን በፊት ኃይል የሚመግበውን ዕቃ፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩን፣ መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ በአነስተኛ ገንዘብ ኮምፒውተር ማሻሻል ለምን ከፓወር ሰፕላይ መጀመር እንዳለበት እንመለከታለን።

የ12 ቮልት መስመር

ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት የሚያገኘውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት የ12 ቮልቱን መስመር ነው። ስለሆነም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው ቁጥር ብቻውን በቂ መረጃ አይሰጠንም፤ በዕቃው ጎን ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ማንበብ ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ኃይል የቮልቴጅና የጅረት ብዜት ነው። በ12 ቮልት ሥር 16 አምፔር ከተጻፈ፣ 12 × 16 = 192 ዋት ይሆናል። በካርቶኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ ቢጻፍም ከዚህ መስመር ከ192 ዋት በላይ መጠበቅ አይቻልም።

የካርዱ ፍላጎት

የግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ያገኛል። ከዚህ በላይ ከፈለገ ተጨማሪ ኬብል ይገጠምለታል፤ ባለ 6 ፒኑ እስከ 75፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት እንዲያቀርብ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በአምራቹ መመዘኛ 75 ዋት ሲፈልግ፣ በ2017 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት ይፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ለማዘርቦርዱ፣ ለሚሞሪው፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ 50 ዋት እንያዝ። ባለ 75 ዋቱ ካርድ ሲጨመር ድምሩ 190 ይሆናል። ለመጠባበቂያ 30 በመቶ ብንጨምር 247 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 21 አምፔር ያህል ያስፈልገናል። በባለ 185 ዋቱ ካርድ ግን ድምሩ 300፣ ከመጠባበቂያው ጋር 390 ዋት ስለሚደርስ 33 አምፔር ያህል የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይፈለጋል። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው የካርዱ እውነተኛ ዋጋ አብሮ የሚያስለውጠውን ፓወር ሰፕላይ ይጨምራል። በሱቅ ረከስ ብሎ የተገኘው ያገለገለ ትልቅ ካርድ በመጨረሻ ከትንሹ ሊወደድ ይችላል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ የብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮች የኃይል መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ፣ ሳጥናቸውም ጠባብ በመሆኑ፣ ከግዢ በፊት መሰኪያውን ማየትና የካርዱን ቁመትና ርዝመት መለካት ይገባል።

ሁለተኛ፣ አቅም የሌለውን ፓወር ሰፕላይ በመቀጠያ ኬብል ማታለል አይቻልም። መቀጠያው የፒኑን ቅርጽ እንጂ የአምፔሩን መጠን አይለውጥም፤ ሽቦው ሊግልና ሊቀልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከኋላ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እናረጋግጥ። በ115 ላይ ሆኖ 220 ቮልት ከገባበት ይቃጠላል።

አራተኛ፣ ከሶኬት ቢነቀልም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ፓወር ሰፕላዩን መክፈት አይገባም።

በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የ80 ፕላስ ምልክት ዕቃው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ቢያንስ 80 በመቶ ብቃት እንዳለው ያመለክታል። ለ200 ዋት ሥራ በ80 በመቶ ብቃት ከሶኬት 250 ዋት ይወሰዳል፤ 50 ዋቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ብቃቱ 65 በመቶ ቢሆን ግን የሚባክነው ወደ 108 ዋት ያድጋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ሠንጠረዡን ማንበብ፣ ፍላጎቱን መደመር፣ ከዚያም ካርዱን መምረጥ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፣ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሚችለውን ትንሽ ካርድ መግዛት ኮምፒውተሩን በሙሉ ለአደጋ ከማጋለጥ ይሻላል።