በእሽቅድምድም ጎዳና ለሚነዳ የግል መኪና የፍሬን ዘይት አመራረጥ

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው የነጂው እግር የሰጠው ኀይል በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ባለ ፈሳሽ አማካይነት እስከ መንኰራኵሩ ድረስ ሲተላለፍ ነው። ፈሳሽ ቢጫኑት የማይታመቅ ስለ ሆነ ኀይሉ ሳይጐድል ይደርሳል። በልማድ «የፍሬን ዘይት» ይባል እንጂ በአብዛኛው ዘይት አይደለም፤ ግላይኮል ከሚባል ዓይነት ኬሚካል የተሠራ ነው። በስሙ ተታሎ የሞተር ዘይት የሚጨምርበት ሰው የፍሬኑን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

በጀርመን አገር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 የተከፈተው ኑርቡርግሪንግ የሚባል የእሽቅድምድም ጎዳና አለ። የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በተወሰኑ ቀኖች ማናቸውም ነጂ ዋጋውን ከፍሎ የግል መኪናውን ሊነዳበት ይችላል። ወደ ገበያ የሚሄድበትን መኪና ይዞ የመጣ ሰው በዚህ ስፍራ ፍሬኑን የሚያሠራው ከከተማው ሥራ በጣም በተለየ ሁኔታ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማቆም ከ100 ከማቆም አራት ጊዜ የሚበልጥ ሙቀት ያመጣል።

ይህ ሙቀት ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከዚያም ወደ ፈሳሹ ያልፋል። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ግን ይታመቃልና ፔዳሉ ያለ ሥራ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ነጂውን ይበልጥ የሚያታልለው ጊዜው ነው፤ እግር ፔዳሉን በተጫነ ጊዜ ግፊቱ ፈሳሹን ከመፍላት ይከለክለዋል፤ እግር በተነሣ ጊዜ ግን ግፊቱ ሲቀር ሙቀቱ ከዲስኩ መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ ባንዱ ኩርባ ደኅና የሠራ ፍሬን በሚቀጥለው ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፔዳሉ ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ ግን ጥፋቱ የሸራው መጋል ነውና ፈሳሽ መለወጥ አይፈውሰውም።

የአሜሪካ መንግሥት የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ደንብ ፈሳሾቹን ዶት በሚል ስም በቍጥር ይለያቸዋል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 ከ230፣ ዶት 5.1 ከ260 በታች መፍላት የለባቸውም። ዳሩ ግን ግላይኮል ከአየር እርጥበት ይስባል። ከመቶ 3.7 እጅ ያህል ውሃ ሲገባበት የደንቡ ዝቅተኛ ልክ ወደ 140፣ 155 እና 180 ይወርዳል። ገዢ በቆርቆሮው ላይ ሊመለከተው የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ቍጥር ነው፤ ሻጭ አጕልቶ የሚያሳየው ግን የመጀመሪያውን ነው። ለውድድር ብቻ የሚሠሩት ፈሳሾች አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቶሎ ቶሎ መለወጥን ይሻሉ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ ጎዳናው ለሚሄድ ሰው፣ ሁለት ዓመት ከቈየ ውድ ፈሳሽ ይልቅ በዚያው ሰሞን የተለወጠ ጥሩ ዶት 4 ወይም 5.1 ይሻለዋል።

ዶት 5 የሚባለው በቍጥር ከ4 ቢበልጥም ዘሩ ሌላ ነው፤ ከሲሊኮን የተሠራ ስለ ሆነ ከግላይኮል ጋራ መቀላቀል የለበትም፤ መንኰራኵር እንዳይቈለፍ የሚከላከል መሣሪያ ላለው መኪናም አይስማማም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ቀጭን ፈሳሽ ይወዳልና የሠሪው መጽሐፍ የሚያዝዘውን ማየት ያስፈልጋል።

እሽቅድምድም የማያውቅ ነጂም ነገሩ ይመለከተዋል። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ቍልቍለት በዝቅተኛ ማርሽ ከመውረድ ይልቅ ፍሬኑን ዘወትር እየረገጠ የሚወርድ ሰው ያረጀ ፈሳሹን እንደ ተሽቀዳዳሚው ሊያፈላው ይችላል።

ፈሳሹ በሚለወጥበት ጊዜ አሮጌው ከአራቱም መንኰራኵሮች ፈጽሞ ይወጣል፤ አየርም እንዳይቀር ይደረጋል። በቀለም ላይ የፈሰሰ ቢኖር ቀለሙን ይበላልና ወዲያው በውሃ ይታጠባል። ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ፣ ምንም ያህል ቢተርፍበት፣ ለፍሬን አይሆንም።