በፍራፍሬ ዝንብ የታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ጂን አማራጭ ስፕላይሲንግ

ዶፓሚን ሲነሳ አስቀድሞ የሚታሰበው አንጎል ነው። በፍራፍሬ ዝንብ (ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር) ግን ከነርቭ ሥርዓት ውጭም ከባድ ሥራ አለው፤ የዝንቧን ውጫዊ ሽፋን የሚያጠነክሩትና የሚያቀልሙት ውሕዶች የሚገኙት ከእርሱ ነው። ለሁለቱም ተግባራት የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም ታይሮሲንን ወደ ዶፓ መለወጥን፣ የሚያከናውነው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ሲሆን የዚህ ኢንዛይም ጂን «ፔል» ይባላል። ስያሜው የሚውቴሽኑን ውጤት ይናገራል፤ ጂኑ ፈጽሞ ሲጠፋ ሽሉ ሽፋኑ ሳይጠቁር፣ ገርጥቶ፣ ከእንቁላሉ ሳይወጣ ይሞታል።

ይህ ሞት ለተመራማሪዎች እንቅፋት ነበር። ዶፓሚን በጎልማሳ ዝንብ አንጎል ውስጥ ያለውን ድርሻ ለማወቅ ጂኑ ቢጠፋ፣ ጠባይዋ የሚጠና ዝንብ አትኖርም።

መውጫው የተገኘው ከጂኑ ከራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጂኑ የሚገለበጠው ቀዳሚ አር.ኤን.ኤ እንደ ሕብረ ሕዋሱ ዓይነት በተለያየ መንገድ ተቆርጦ ይቀጠላል። በነርቭ ሕዋሳት 508 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኢንዛይም ይሠራል። ሽፋኑን በሚያመነጨው ኢፒደርሚስ ግን ተጨማሪ ኤክሶኖች ስለሚካተቱ፣ በኢንዛይሙ ተቆጣጣሪ ክፍል ውስጥ 71 አሚኖ አሲዶች ያሉት አሲዳማ ቁራጭ ይገባል፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 579 ይሆናል። ኬሚካዊ ለውጡን የሚያካሂደው ክፍል በሁለቱም አንድ ነው። (የተከታዩ ኢንዛይም፣ የዶፓ ዲካርቦክሲሌዝ፣ ጂንም በነርቭ ሥርዓትና በኢፒደርሚስ በተለያየ መንገድ እንደሚቀጠል ቀደም ሲል በ1986 ታውቆ ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ልዩነት ለሙከራ ዋለ። ጂናቸው በጠፋ ዝንቦች ውስጥ፣ የኢፒደርሚሱ ቅርጽ ብቻ በትክክል እንዲነበብ ተደርጎ የተዘጋጀ ቅጂ ገባ። ዝንቦቹ ሽፋናቸው ጠንክሮ ለጉልምስና ደረሱ፤ በአንጎላቸው ግን ዶፓሚን አልነበረም። እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ እንቅልፋቸው ረዘመ፣ ምግብ የመውሰድ ፍላጎታቸው ደከመ፤ ሽታን ከቅጣት ጋር አዛምዶ የመማር ችሎታቸውም ጠፋ። ያልተለወጠው ነገር ይበልጥ ያስገርማል፤ የዕድሜያቸው ርዝመት ከመደበኛ ዝንቦች ጋር ተመሳሳይ ነበር።

ይሁንና ሙከራው የሚያስረዳው ዶፓሚን የት እንደሚያስፈልግ እንጂ ኢፒደርሚሱ አሲዳማውን ቁራጭ ለምን እንደሚሻ አይደለም። ለዚህኛው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የባዮኬሚስትሪ ማስረጃ ነው፤ ሁለቱ ቅርጾች ለዶፓሚን አጋችነትም ሆነ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ ለሚያዝዘው የፎስፌት ቅጠላ የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው።