ልጅዎ ጦር ይዞ ባሕር ሲገባ ምን ብለው ይጠይቁታል?

ባለፈው ሰሞን በአሽዶድ የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለውልን ነበር። «ልጄ ዓርብ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ጦርና ጥቁር የላስቲክ ልብስ ይዞ ነው የሚሄደው። ‹እማዬ፣ ለሰንበት ዓሣ አመጣልሻለሁ› ይለኛል፤ ያመጣልኛልም። እኔ ግን ዋና እንኳ አላውቅ። ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉን።

አብዛኞቻችን ያደግነው በደጋ አገር ነው። የምናውቀው ውሃ ወንዝ ነው፤ የምንፈራውም ክረምት ገብቶ ሲሞላ ነው። ልጆቻችን ግን በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በነታንያና በቂርያት ያም ከባሕሩ ዳር አድገዋል። በበጋው መጨረሻ ውሃው ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሲረጋጋም ድንጋዩ ከላይ ይታያል። ከሠራዊት የተመለሰን ጎልማሳ «አትሂድ» ማለት ብዙ አይጠቅምም። ጠያቂ ወላጅ መሆን ግን ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ይህ ዓሣ አደን በጀርባ በሚታዘል የአየር ጠርሙስ አይሠራም፤ በጠርሙስ ጠልቆ ዓሣ በጦር መውጋት በሕግም የተከለከለ ነው። አዳኙ ከላይ ሆኖ ይተነፍሳል፣ በአንድ ትንፋሽ ጠልቆ ከድንጋዩ ሥር ዓሣ ይጠብቃል፣ በላስቲክ ኃይል በሚወነጨፍ ጦር ይወጋል፣ ከዚያ ይወጣል። ጠዋቱን ሙሉ ይህንኑ ይደጋግማል።

እናቲቱ መጀመሪያ ያነሱልን የሻርክን ነገር ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ በሚያዝያ 2025 በሐዴራ ባሕር አንድ ሰው በሻርክ ተገድሏል። እዚያ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውሃ በክረምት ወራት ሻርኮችን ይሰበስባል። ስለዚህ ልጅዎ ወደዚያ እንዳይሄድ፣ የወጋውንም ዓሣ በወገቡ አስሮ ከሚዋኝ ከኋላው በሚጎተተው ተንሳፋፊ ላይ እንዲያንጠለጥለው ይንገሩት። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ እንዲህ የሚያድኑ ወጣቶችን በብዛት የሚወስደው ሻርክ አይደለም፤ ድምፅ የሌለው ራስን መሳት ነው።

ይህን በደንብ እናስረዳ። ትንፋሻችንን ስንይዝ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ በደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር ነው። አንዳንድ ወጣቶች ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል ይተነፍሳሉ። ይህ ኦክስጅን የሚጨምርላቸው ይመስላቸዋል። የሚያደርገው ግን የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው፤ ማለትም ማስጠንቀቂያውን ደወል ያጠፋዋል። ልጁ ከታች ሆኖ ምንም ጭንቀት አይሰማውም። «ዛሬ ትንፋሼ ረጅም ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ግፊት ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው። ግፊቱ በሳንባ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ወደ ደም ስለሚገፋት ታች እስካለ ድረስ ልጁ ደህና ነው። ወደ ላይ ሲመጣ ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የኦክስጅኑም ኃይል አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አብዛኛው ራስን መሳት የሚደርሰው ከታች ሳይሆን ሊወጣ ጥቂት ሜትር ሲቀረው፣ ወይም ራሱን ከውሃ አውጥቶ አንዴ ሁለቴ ከተነፈሰ በኋላ ነው። አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም። ጎበዝ ዋናተኛ መሆኑም አያድነውም፤ እንዲያውም ጎበዞቹ ናቸው ረጅም የሚቆዩት።

ያን ጊዜ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከላይ ሆኖ የሚያየው ጓደኛ።

ታዲያ «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» የሚለው መልስ አይብቃዎት። ሦስት ሆነው ሄደው፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሦስቱም በየፊናቸው ዓሣ ሲያሳድዱ እያንዳንዱ ብቻውን ነው። ትክክለኛው አካሄድ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ተንሳፍፎ በዓይኑ መከተል ነው፤ ጓደኛው ከወጣም በኋላ ለ30 ሰከንድ ያህል ዓይኑን አይነቅልም። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ይህ ተራ መጠበቅ ለዕረፍትም ይጠቅማል፤ ከላይ የሚቆይበት ጊዜ ታች ከቆየበት ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ዓሣው ሊያንስ ይችላል። ይነስ።

ጓደኛው ራሱን ከሳተስ? ፊቱን ከውሃ በላይ መያዝ፣ የእርሳስ ቀበቶውን ፈትቶ መጣል፣ መነጽሩን ማውለቅ፣ ጉንጩን መታ መታ እያደረጉ በስሙ መጥራት፣ ፊቱ ላይ እፍ ማለት። ብዙዎች በዚህ ይነቃሉ። ካልተነፈሰ ወዲያውኑ በአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ወደ ዳር ማውጣትና 101 መደወል ያስፈልጋል። የነቃም ቢሆን ለዚያን ቀን አደኑ አብቅቷል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ ከወሬ አይለመድም። በአንድ ትንፋሽ መጥለቅን የሚያስተምር ኩርስ አለ፤ ለልጅዎ ስጦታ ሊሰጡት ካሰቡ ከአዲስ ጦር ይልቅ የኩርሱን ክፍያ ይስጡት እንላለን፤ ለእሱም ለጓደኛውም ቢሆን።

ዕቃን በተመለከተ ወጣቶች መጀመሪያ የሚገዙት ጦሩን ነው፤ እኛ ግን በመጨረሻ ይገዛ እንላለን። የመጀመሪያው ማጾፍ ነው፤ ባንዲራ ያለበት፣ በገመድ የሚጎተት ተንሳፋፊ። ጀልባና ጄትስኪ ነጂ ከውሃ በታች ያለውን ሰው አያይም፤ የሚያየው ባንዲራውን ነው። ቀጥሎ የእርሳስ ቀበቶው ነው። በአንድ እጅ፣ በአንድ ስበት መፈታት አለበት፤ ቤት ውስጥ «እስቲ ፍታው» ብለው ይዩት። እርሳሱ የሚበዛበት ልጅም አለ፤ ከላይ አየሩን አስወጥቶ እንኳ መስጠም ከጀመረ ክብደቱ በዝቷል። መነጽር ሲገዛ ማሰሪያውን ሳያጠልቅ ፊቱ ላይ አድርጎ በአፍንጫው ይሳብ፤ ተጣብቆ ከቀረ ልኩ ነው፣ ከወደቀ ውድም ቢሆን አይጠቅመውም። ያገለገለ ጦር ከገዛ ላስቲኮቹ እንዳልተሰነጣጠቁ ይይ። ጦሩ ደግሞ የሚወጠረውም የሚላላውም ውሃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ተወጥሮ አሸዋ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ከተገኘ ከባለቤቱ ጋር መሄዱ ይቅር።

በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ዕቃ ካልተበላሸ ዕቃውን በተቀበሉ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል፤ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞችና አዲስ ገቢዎች፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ወይም የመልእክት ልውውጥ ከሆነ፣ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። በስልክ የተመዘገቡበትን ኩርስ ደግሞ በተመዘገቡ በ14 ቀን ውስጥ፣ ኩርሱ ሊጀመር ቢያንስ 2 የሥራ ቀን ሲቀረው፣ በጽሑፍ ይሰርዙ።

በጦር ለማደን ከግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ክፍል ፈቃድ ያስፈልጋል። በዘንግ ከዳር ሆኖ የሚያጠምድ አያስፈልገውም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጸደይ ወራት ሎኩስን ማደን ክልክል ነው፣ ሻርክና ራያ ዓመቱን ሙሉ የተጠበቁ ናቸው፣ እንደ ሮሽ ሃኒቅራ አክዚቭ ባሉ የባሕር ጥብቅ ቦታዎችም ማደን አይቻልም። በዚህ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ጦሩ ተወርሶበት ቅጣት ከሚመጣ ዓርብ ሳይደርስ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ይሻላል።

ዓሣው ቤት ሲገባ ደግሞ ተራው የእናቶች ነው። ሲካን የሚባለው ዓሣ ይበላል፣ ጣፋጭም ነው፤ የጀርባውና የሆዱ እሾህ ግን መርዝ አለው። ክንፎቹን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉ፣ ከዚያ ይጠቡት። ዛህሮን የሚባለው ባለ ዝንጉርጉር ዓሣ እሾህም እንዲሁ ነው። ከወጋዎት እጅዎን ቆዳ በማያቃጥል መጠን በሞቀ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንከሩ፤ ሕመሙን ያስታግሰዋል። ካልተሻለ ኩፓት ሆሊም ይሂዱ።

ናፉሒት ግን ከቤት ደጃፍ አይግባ። በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር የመጣ ዓሣ ነው፤ ቅርፊት የለውም፣ ጀርባው ነጠብጣብ ሆኖ ጎኑ ላይ ብርማ መስመር አለው፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን አፍ ነው፣ ሲነኩት ሆዱን ይነፋል። መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፣ ማርከሻም የለውም። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት እዚህ አገር 13 ሰዎች በልተውት ሆስፒታል ገብተዋል። ስለዚህ ልጁ ያመጣው ዓሣ ቅርፊት ከሌለው አይንኩት። ማንም ሰው ዓሣ በልቶ ከንፈሩና ምላሱ መደንዘዝ ከጀመረ እስኪሻለው አይጠብቁ፤ 101 ይደውሉና የተረፈውን ዓሣ ለሐኪሞቹ ለማሳየት በላስቲክ አድርገው ይያዙ።